የሰባት ሰዓት ወንድም፣ የስምንት ሰዓት ወንድም

ወንድማችን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ካለበት ሳይነቃነቅ፣ አንዴ ይቀርበናል አንዴ ይርቀናል። እንቆቅልሽ አይደለም። አሜሪካኖች መጋቢት መግቢያ ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ይገፉና ጥቅምት መጨረሻ ላይ መልሰው ይጎትቱታል። እኛ ደግሞ መቼም ፀሐይ ስትወጣ አሥራ ሁለት፣ ስትጠልቅም አሥራ ሁለት ብለን የተቀመጥን ሕዝብ ነን፤ ሰዓት አንገፋም። ስለዚህ ወንድማችን ግማሹን ዓመት የሰባት ሰዓት ወንድም ነው፣ ግማሹን የስምንት። (ልክ ግማሽ በግማሽ እንኳ አይደለም፤ የሰባቱ ይረዝማል። ይህን ቆጥሮ የሚያውቀው አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው ብቻ ነው።)

በዚህ ላይ የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ሲጨመርበት ነገሩ ይብሱን ይደባለቃል። በክረምታቸው፣ እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እሱ ጋ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ነው፤ በፈረንጅ አንድ ሰዓት። በፈረንጅ ሰዓት የኖረበት ዘመን ስለበዛ ሲጠየቅ "አንድ ሰዓት ነው" ይላል። እናታችን "አንድ ሰዓት" ስትሰማ ጠዋቱ ነው የሚመጣባት። "ቁርስህን በላህ?" ትለዋለች። እሱ ምሳውን በልቶ ሰሃን እያጠበ ነው። ስንት ዓመት ሙሉ ይህ ጥያቄና መልስ አልተስተካከለም፤ እውነቱን ለመናገር እንዲስተካከልም አንፈልግም።

ይህን የምንጽፈው ሁለት ነን። አንዳችን ይተይባል፣ አንዳችን ከኋላ ቆሞ "ይሄን አውጣው፣ ይቆጣል" ይላል። ሦስት ወንድማማቾች ነን፤ ትልቁ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፤ እኛ አዲስ አበባ። መካከላችን ያለው 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሄደው ሰኔ 1996 ዓ.ም. ሲሆን ያኔ 24 ዓመቱ ነበር። እኛ 11 እና 8።

የሄደው በዲቪ ነው። በእኛ ዕድሜ ያላችሁ ሁሉ "ዲቪ" የሚለውን ቃል ፊደል ሳትጨርሱ እንደሰማችሁት እናውቃለን። የአሜሪካ ምክር ቤት ሕጉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ በዓመት እስከ 55,000 ቪዛ በዕጣ የሚታደልበት። ወንድማችን የሞላ ጊዜ ማመልከቻው ገና በፖስታ ነበር የሚላከው፤ በኢንተርኔት ብቻ የሆነው ከዲቪ 2005 ጀምሮ ነው። እና የቤተሰባችን ዕጣ ፈንታ የተወሰነው ፎቶ ተለጥፎበት ፖስታ ሣጥን ውስጥ በተጣለ አንድ ኤንቨሎፕ ነው ማለት ነው። እሱ ራሱ ረስቶት ነበር። ጓደኛው ለራሱ ሲልክ "ለአንተም ልሙላልህ" ብሎት ነው አሉ። ጓደኛው አልደረሰውም።

ስለ ስልኩ ዘመን ብዙ አንልም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሁድ እሁድ ጎረቤት ቤት ተደርድሮ መጠበቅ፣ እንግሊዝኛ የምታወራው ሴትዮ "አንድ ደቂቃ ቀርቷችኋል" ስትል ሁሉም በአንድ ጊዜ መጮህ። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል የሞባይል መልእክት ጠፍቶ መክረሙ። ከዚያ ቫይበር፣ ከዚያ ኢሞ፣ ከዚያ የፊቱን ግማሽ ብቻ እያሳየ "ይታየኛል፣ እናንተጋስ ይታያል?" ማለት። ቴክኖሎጂው ተሻሻለ። ወሬው ግን (ይህን ነው ልንላችሁ የፈለግነው) ከዓመት ዓመት እየቀጠነ ሄደ።

ለምን እንደቀጠነ ብዙ አስበንበታል። የደረስንበት ይህን ይመስላል። ወንድማችን እዚህ ሳለ "ቀጮ" ነበር የምንለው። ቀጭን ነበር፤ የሸሚዙ ኮሌታ ሁለት አንገት ይይዝ ነበር። ኳሳችንን ይወስዳል፣ እንሰድበዋለን፣ ያባርረናል፣ እናታችን ትጮሃለች። ከሄደ ከአምስት ወር በኋላ የመጀመሪያዎቹን 100 ዶላር ላከ። ዶላር ያን ጊዜ ስምንት ብር ከምናምን ነው፤ ከ800 ብር በላይ ማለት ነው። እናታችን ብሩን ከፍላ ለኪራይ፣ ለዕቁብ፣ ለእኛ ደብተር ካደረገች በኋላ አስቀመጠችንና "ከዛሬ ጀምሮ ቀጮ የሚል አፍ እንዳልሰማ። ጋሼ በሉት" አለች።

አልን። እናም "ጋሼ" የሚባል ሌላ ሰው ተፈጠረ። ጋሼ አይሰደብም። ጋሼ ሲደውል ትምህርት ደህና ነው፣ ጤና ደህና ነው፣ እናንተስ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ጋሼም በበኩሉ ሁልጊዜ ደህና ነው፣ ሥራም አለ፣ ብርዱም ለምዶታል። ወንድም ማለት ሸሚዝህን ሳያስፈቅድህ ለብሶ ወጥቶ ወጥ አንጠባጥቦበት የሚመለስ ፍጡር ነበር። የሚረዳህን ሰው ግን እንደዚያ አትጣላውም፤ እሱም የሚረዳውን ልጅ እንደዚያ አያፌዝበትም። ጨዋነት ገባ በመካከላችን። ሰው ሁሉ ርቀት ወንድማማችን ያራርቃል ይላል። ርቀቱንስ ቻልነው፤ የጎዳን ጨዋነቱ ነው።

አንድ ጊዜ ብቻ ጨዋነቱ ተሰብሮ ነበር፤ እሱም በሞት። አባታችን ያረፈው ጥር 2001 ዓ.ም.፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ገና ያለፈው ቀን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነበር። ለእሱ አልተደወለም። በስልክ መርዶ አይነገርም፤ ለብቻውም ለሆነ ሰው አይነገርም። የተደወለው ለአንድ ጓደኛው ነው። ጓደኛው ለሌላው፣ ሌላው ለሌላው፤ ሌሊቱን ተጠራርተው ንጋት ላይ፣ ለሥራ ሳይወጣ፣ ደጁ ላይ ቆሙ። በሩን ሲከፍት የአፓርታማው ኮሪደር በሰው ተሞልቷል፤ አንዷ የቡና ፔርሙዝ ይዛለች። ፔርሙዙን ሳይ ገባኝ ብሎናል በኋላ። እኛ ጋ ያን ጊዜ ሰባት ሰዓት ሆኖ ነበር፤ ድንኳን ተተክሏል፣ ለቀብር ሁለት ሰዓት ቀርቷል። ከአሜሪካ ተነሥቶ የሚደርስበት መንገድ የለም። እኛ አባት ካጣን በኋላ ስምንት ሰዓት ሙሉ እሱ አባት ነበረው። ከመካከላችን አንዳችን ያንን ስምንት ሰዓት ይቀናበት ነበር፤ አንዳችን ደግሞ ያዝንለት ነበር። እስካሁን አልተስማማንበትም።

አሁን ወደ ሌላ አገር ወንድማማች እንውሰዳችሁ። ታናሻችን ሥዕል ይወዳል። የአምስተርዳም ሙዚየም የቪንሰንት ቫን ጎን ደብዳቤዎች እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በሙሉ በነፃ ኢንተርኔት ላይ አውጥቷቸዋል፤ እሱን እያነበበ ሌሊት ሌሊት መብራት ያስወጣናል። ቪንሰንት ለወንድሙ ለቲዮ የጻፋቸው ብቻ ከ650 በላይ ተርፈዋል። ቲዮ በአራት ዓመት ያንሰዋል፤ ፓሪስ ውስጥ ሥዕል ይነግዳል፤ በየወሩ ብር ይልካል። ከእኛ የሚለየው ላኪው ታናሹ መሆኑ ነው። አንዱ በአንድ ከተማ፣ ሌላው በሌላ፣ አሥር ዓመት።

ሰው ይህን ታሪክ ሲያወራ የሚወደው መጨረሻውን ነው። ቪንሰንት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1890 ሲሞት ቲዮ አልጋው አጠገብ ነበር፤ ስድስት ወር ሳይሞላው እሱም ሞተ፤ በ1914 አፅሙ ከኔዘርላንድ ተነሥቶ ፈረንሳይ፣ ኦቬር ውስጥ ከወንድሙ ጎን ተቀበረ። ያስለቅሳል፣ አንክድም። እኛን ግን የያዘን ሌላ ቦታ ነው። በ1884 መጀመሪያ ላይ ቪንሰንት ለቲዮ አንድ ውል ያቀርባል፦ የምሠራውን ሥዕል ሁሉ ልላክልህ፣ ያንተ ይሁን፤ የምትልክልኝን ብር ደግሞ እንደ ዕርዳታ ሳይሆን ሠርቼ እንዳገኘሁት ልቁጠረው። ያን ጊዜ ሥዕሉን የሚገዛ ሰው የለም። እንዲያውም በዚያው ሰሞን ወንድሙን "ሥዕሌን ለመሸጥ ምንም አታደርግም" እያለ ይነዘንዘዋል። ብር እየላከለት ይነዘንዘዋል! የእኛ እናት ብትሰማ ኖሮ "ጋሼ በለው" ትለው ነበር። ቪንሰንት ግን ጋሼ አላለም። የወር ተቆራጭ እየተቀበለም ወንድም ሆኖ ቀረ።

ሌላም አለ። ከመጋቢት 1886 እስከ የካቲት 1888፣ በፈረንጅ፣ ሁለቱ ፓሪስ ውስጥ አንድ ቤት ኖሩ። ከዚያ ጊዜ የተረፈ ደብዳቤ የለም ማለት ይቻላል፤ አንድ ጣሪያ ሥር ያለ ሰው አይጻጻፍም። ይልቁን ቲዮ ለእህታቸው፣ ከዚህ ሰው ጋር መኖር አልተቻለም እያለ ያማርር ነበር። ታናሻችን ይህን ሲያነብልን ዝም አልን። እኛ ለጋሼ እንደዚያ የመማረር ዕድል ከ1996 ወዲህ አላገኘንም።

ወደ ቤታችን እንመለስ። ጋሼ ዋሽንግተን መሃል አንድ ሆቴል ሥር ባለ ፓርኪንግ ይሠራ ነበር። 2012 መጋቢት ላይ ኮሮና መጣ፤ ሆቴሎች ባዶ ሆኑ። እኛም በየቀኑ ስለ ራሳችን ስንጨነቅ፣ ብሩ በወሩ መጀመሪያ እንደ ወትሮው ይደርሳል። ሰኔ መጨረሻ ላይ እዚህ ኢንተርኔት ሦስት ሳምንት ያህል ሲቋረጥ በቀጥታ ስልክ ደወለ። "ሥራ እንዴት ነው ጋሼ?" አልነው። "አለ" አለ። አንድ ቃል። በደቂቃ የሚከፈልበት ስልክ ስለሆነ ነው አልን።

ጥቅምት 2013 ሰው መጣ። "ሰው መጣ" ማለት ምን እንደሆነ የዚህ ከተማ ነዋሪ ያውቃል፤ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ውስጡ የአሥር ቤተሰብ ዕቃ። ሴትየዋ የእኛን ድርሻ (ቫይታሚን፣ ጫማ፣ የእናታችን የስኳር መለኪያ) አስረክባ፣ ቡና እየጠጣች፣ እንደ ምርቃት አድርጋ "ልጃችሁ ግን ጎበዝ ነው፣ ሰባት ወር ያለ ሥራ እንዲህ ቤተሰብ ማስተዳደር" አለች። ሲኒው ከእናታችን እጅ አልወደቀም። አስቀመጠችው። ይህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈራል።

ማታ ደወልን። ከታላቃችን አፍ (ከሁለታችን ታላቁ ማለት ነው) የወጣው የመጀመሪያ ቃል "ቀጮ!" የሚል ነው። 16 ዓመት ያልተነካ ቃል።

"ምን አልክ?"

"ሥራ ካቆምክ ስንት ጊዜህ ነው?"

"ማነው የነገራችሁ?"

"እሱን ተወው። ብሩን ከየት እያመጣህ ነው የምትልከው?"

"ምን አገባችሁ?"

"ምን አገባን?!"

በክሬዲት ካርድ ነበር። እየተበደረ። እኛ ሁለታችንም ሥራ ይዘናል፣ አንዳችን ሒሳብ ሠራተኛ ነው፣ አንዳችን ማተሚያ ቤት ነው የሚሠራው፤ እሱ ግን በ11 እና በ8 ዓመታችን ላይ አቁሞን ሄዶ እዚያው ነን። ለአንድ ዓመት አምስት ሳንቲም እንዳትልክ አልነው። እናንተ ናችሁ ደግሞ እኔን የምታዙኝ አለ። አዎ እኛ ነን አልን። እናንተ ባለጌዎች አለ። ስልኩን ዘጋው።

ሁለት ሳምንት አልደወለም። እናታችን "ኢንተርኔቱ እንደገና ጠፋ እንዴ?" ትላለች። እኛ ደግሞ፣ ይገርማችኋል፣ ቀለለን። ስንት ዓመት ያልተጣላነውን ሰው ተጣልተነው ነበርና። በሦስተኛው ሳምንት ደወለ፤ ስለ ጠቡ ምንም አላነሣም። ስለ ወገቡ አወራ። ሁለት ዓመት እንዳመመው፣ ቆሞ መዋል እንዳልቻለ፣ አንዳንድ ቀን ካልሲ ማጥለቅ እንደሚያቅተው። ከዚያ "የእማዬን ሽሮ ላኩልኝ፣ እዚህ የሚሸጠው ነጭ ሽንኩርቱ በዝቷል" አለ። ከሄደ ጀምሮ ከእኛ አንድ ነገር ሲጠይቅ የመጀመሪያው ነው። ሽሮውን ስናስፈጭ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ እንደ ሠርግ ነው የተሽቀዳደምነው።

ከዚያ ወዲህ እኛም በቪንሰንት መንገድ ውል አዘጋጅተናል። የእናታችን መድኃኒት ግማሹ በእሱ፣ ግማሹ በእኛ፤ በርበሬ፣ ሽሮና ዳቦ ቆሎ ከእኛ፣ ኪሎው በሲልቨር ስፕሪንግ ዋጋ ተሰልቶ ከሒሳቡ ይቀነሳል። ሒሳብ ሠራተኛው በወር በወሩ መግለጫ ይልክለታል። ባለፈው ሲታይ ዕዳ ያለበት እሱ ነው። ተከራክሯል፤ የዳቦ ቆሎው ተመን ተጋኗል ይላል። ሥራ ከያዘ ቆይቷል፤ አሁን ተቀምጦ የሚሠራው ነው።

አንድ ያልተዘጋ ጉዳይ አለ። በ2002 ዜግነት አገኘ፣ በ2003 ለሁለታችን ፋይል ከፈተልን። የአሜሪካ ሕግ ቤተሰብን ደረጃ አውጥቶለታል። የዜጋ ሚስት፣ ትንንሽ ልጆችና ወላጆች ወረፋ የለባቸውም። ከዚያ በኋላ አራት ምድቦች አሉ፤ ወንድምና እህት አራተኛው፣ የመጨረሻው ናቸው። ለዚህ ምድብ ለዓለም ሁሉ በዓመት የተመደበው 65,000 ገደማ ቪዛ ነው፤ ወረፋው ከ15 ዓመት በላይ ይወስዳል። ፋይሉ ሲከፈት አንዳችን ጢም አልነበረውም። አሁን ልጅ አለው።

እዚህ ላይ "እኛ" የሚለው ቃል ይሰነጠቃል። ወረፋው ሲደርስ አንዳችን ይሄዳል፤ አንዳችን አይሄድም። የማይሄደው "እናቴን ለማን ትቼ?" ይላል፤ የሚሄደው ይህን ሲሰማ የተሰደበ ይመስለዋል። ለቀጮ ነግረነዋል። "ታዲያ አንድ ሰው ሳይደወልለት ሊቀር ነው?" ብሎ ሳቀ፤ ከዚያ ረጅም ጊዜ አልተናገረም። መስመሩ ተቋርጦ እንደሆነ ስክሪኑን አየን። አልተቋረጠም።

እስከዚያው ሌላ ጠብ ይዘናል። ያደግንበት ዶሮ ማነቂያ በ2016 ፈርሷል። እቃ በማውጣት ተጠምደን ፎቶ ያነሣ የለም። እናታችንን ይዘን ዳር ከተማ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ገባን። ወንድማችን ይህን ከሰማ በኋላ በየሳምንቱ ስለ ሰፈሩ ይጠይቃል፤ የማን ቤት፣ የማን አጥር፣ የቱ ጋ ቦይ ነበር። አንድ ቀን በዱቤ የሚሰጡን ሰውዬ ሱቅ ከግቢያችን ስንወጣ በግራ ነበር አለ። በቀኝ ነው አልነው። በግራ ነው፣ እናንተ ሕፃን ነበራችሁ አለ። እኛ አንተ ከሄድክ በኋላ 20 ዓመት እዚያ የኖርነው ነን አልነው። ከሳተላይት የተነሣ የድሮ ፎቶ ፈለግን፤ የሚታየው የዛገ ቆርቆሮ ብቻ ነው፣ ግራም ቀኝም የለውም። እናታችንን ጠየቅናት፤ "የዱቤው ደብተር ነው እንጂ ሱቁ ምን ይታወሰኛል" አለች።

በዚያው ሳምንት ካርታ ሥሎ ላከ፤ በሥራ ቦታው ደረሰኝ ጀርባ ላይ፣ በእስክሪብቶ። የቦኖ ውኃውን ትክክለኛ ቦታው ላይ አስቀምጦታል፣ ይህን መስክረንለታል። ሱቁን ግን በግራ አድርጎታል። የራሳችንን ሥለን መለስንለት፤ ታናሻችን በቀለም አሳመረው። እሱ የእኛኑ ካርታ በቀይ አርሞ ላከ። እስካሁን ከሁለቱም ወገን ሰባት ካርታ ተልኳል፤ በመጨረሻው ላይ እኛ ፈጽሞ ያላስታወስነው የባሕር ዛፍ አለ።